ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የመንግሥት ካዝና

የኦዲተር ሥራ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሙያ ቢሆንም፣ ከሥሩ ሲመረመር ከአንድ ጥያቄ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም በመዝገብ ላይ አለ የተባለው ገንዘብ በእርግጥ አለ ወይ፣ ካለስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የዛሬው ባለሙያ ይህን ጥያቄ የሚመልስበት መሣሪያ ሞልቶታል። ካዝና ይቆጥራል፤ ከባንክ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ይመረምራል። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች ዋጋ የሚኖራቸው ቀድሞ የተሟላ መሠረት ሲኖር ነው። የመንግሥት ገንዘብ ከሹሙ ገንዘብ ተለይቶ ካልታወቀ፣ ገቢው በአንድ መለኪያ ካልተሰፈረ፣ ገንዘብ ያዡም ከሰጪና ከተቀባይ ተለይቶ ካልቆመ፣ ቆጠራ ባዶ ድካም ነው። ይህን መሠረት በአገራችን ቋንቋ አስቀድመው ከጻፉት ሰዎች መካከል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእኚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ ይተርካል፤ ትምህርታቸውም በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሚሠራ የሙያ ባልደረባችን ምን እንደሚጠቅም ያመለክታል።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ በዐድዋ አካባቢ ተወለዱ። ዘመኑ የመከራ ዘመን ነበር። ገና ሕፃን ሳሉ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ወደቁ፤ ወዲያውም ታላቁ ረኀብና የከብት እልቂት አገሩን አጠፋው፤ ኢጣልያኖችም ከምጽዋ ተነሥተው ወደ ደጋው ወጡ። ብላቴናው በዚህ መካከል ወደ ምጽዋ ወረዱ። በወደቡ ከቆመ አንድ መርከብ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ወጥተው ሳይወርዱ በመቅረታቸው ባሕር ተሻግረው ሄዱ፤ ከዚያም በአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ እጅ አደጉ። የጀርመንኛን ቋንቋ ከሥሩ ተማሩ፤ በጀርመን አገርም የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛንና ግዕዝን እንደገና ማጥናት ነበረባቸው። በኋላ የጻፉት አማርኛ ግን ከዘመኑ ጸሐፊዎች ሁሉ የጠራና የተስተካከለ ሆኖ መገኘቱ፣ ትምህርቱን በምን ያህል ትጋት እንደያዙት ያስረዳል።

ከተመለሱ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ ሀብት የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ለዛሬ ኦዲተር እንግዳ ነው። በጅሮንዱ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይዟል። በግምጃ ቤቱ ውስጥ ጠገራ ብር፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ጥይት፣ ልብስ፣ ማርና ቅቤ አብረው ይቀመጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ለግብር ማብያ፣ ለሠራዊት ስንቅ፣ ለወዳጅ ስጦታና ለመንገድ ሥራ የሚያወጡት ሁሉ ከዚያው ይወጣል። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥቱ ሀብት አንድ ነው፤ የሚለያያቸው መዝገብም ወሰንም የለም። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ በፓሪስ ባስቀረጹት ብር ግብይቱን ለማስተካከል ቢሞክሩም፣ የሕዝቡ እምነት እስከ ብዙ ጊዜ ድረስ በማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ላይ እንደጸና ቆየ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ባለቤትነቱ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ የውጭ ኩባንያ ነበር፤ ቅርንጫፎቹም ከጊዜ በኋላ በሐረር፣ በድሬዳዋና በጎሬ ቆመው ነበር። ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ዳር ያለው የወሎ ደጋ ግን የባንክ ደጃፍ የሚታይበት አልነበረም።

ዐፄ ምኒልክ በጠና ሲታመሙ ቤተ መንግሥቱ በጥርጣሬና በወገን ተከፋፈለ። ወጣቱ ጸሐፊም ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ስላልተስማሙ እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ሱዳን ተሰደዱ። መዝገብ በሌለበት ቤት ሰው የሚመዘነው ለጌታው ባለው ቅርበትና በሚነገርበት ሐሜት ነው፤ ያገለገለበትን ሥራ አቅርቦ ራሱን የሚያጸዳበት ማስረጃ የለውም። ገብረ ሕይወት ይህን በገዛ ሕይወታቸው ያዩ ሰው በመሆናቸው፣ በኋላ ስለ ሥርዓትና ስለ ሕግ የጻፉት ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አልነበረም።

የመጀመሪያ ሥራቸው የሆነው ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1912 በአስመራ ታተመ። ጽሑፉ ያለፉትን ነገሥታት ታሪክ መርምሮ፣ በመጨረሻ ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ የማሻሻያ ምክር ያቀርባል። ልጅ ኢያሱ የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ መሆናቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ምክሩ የተላከው ሥሩ በወሎ ወደሆነው ወጣት መስፍን ነበር ማለት ይቻላል። በምክሩ ውስጥ የጃፓን መንግሥት በጥቂት ዓመታት ያደረገው ለውጥ እንደ አብነት ተጠቅሷል። ከቀረቡት ሐሳቦች ለእኛ ሙያ የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው። የንጉሡ የግል ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ ይለይ፤ ግብር በልክ ተወስኖ በዓይነት መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ ይከፈል፤ በአገሩ ሁሉ የሚሠራበት አንድ ገንዘብ ይኑር፤ በየመንገዱ የበዛው የቀረጥ ኬላ ይወገድ፤ ሕግ በመጽሐፍ ይጻፍ፤ ትምህርት ይስፋፋ የሚሉ ናቸው።

የእነዚህ ሐሳቦች ክብደት የሚታወቀው የዘመኑን የገጠር አሠራር አጠገባቸው አቁሞ ሲያዩ ነው። ለዚህም የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ቦረና፣ ሳይንት፣ ከላላና ወግዲ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚያበቅሉ፣ በጥልቅ ገደል የተከበቡ አገሮች ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1884 ዓ.ም. ገደማ በባላገሩ ላይ የሚሰፍረውን ወታደር ችግር ለማቃለል ዐሥራት እንዲከፈል ሲያዝዙ፣ ክፍያው ከእህሉ ከዐሥር አንድ እጅ ነበር። ዐሥራቱ የሚገመተው እህሉ በማሳ ወይም በአውድማ ሳለ ነው፤ ግምቱ የገማቹን ዓይንና ልብ ይከተላል። የሚሰፈርበት ቁና ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከገበያ ገበያ ይለያያል። ጎተራ የገባውን እህል ነቀዝ ይበላዋል፤ አይጥ ይጎትተዋል፤ እርጥበት ያበላሸዋል። በዚህ ሁኔታ ጎተራ ጠባቂው ጎደለ ቢባል፣ ጉድለቱ የነቀዝ ይሁን የሰው ማን ይለየዋል? ታማኙም ሰው ከወንጀለኛው ጋር እኩል ይጠረጠራል፤ ወንጀለኛውም ከታማኙ ጋር እኩል ያመልጣል።

ጥሬ ገንዘቡም ቢሆን ለቆጠራ የሚመች አልነበረም። ከአፋር ዝቅታ ተቆርጦ የሚወጣው የአሞሌ ጨው በደጋው ገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። አሞሌ ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ከተሰበረ ዋጋው ይቀንሳል፤ ክረምት ሲገባም ይረጥባል። ጠገራ ብሩም ሳይመረመር አይወሰድም ነበር። ነጋዴው በንግሥቲቱ ዘውድና ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ አይቶ፣ የፈዘዘውንና የተፋቀውን ይመልሳል። እንግዲህ መቶ አሞሌና መቶ ብር አለ ብሎ መቁጠር ይቻል ይሆናል፤ ዋጋው ስንት ነው ለሚለው ግን ሁለት ሰዎች አንድ መልስ አይሰጡም። ገብረ ሕይወት አንድ ገንዘብና በገንዘብ የሚከፈል ግብር እንዲኖር ሲመክሩ፣ ሳያውቁት ለኦዲተር የሚሆን መሬት እየደለደሉ ነበር።

ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በመንግሥት ሥራ ገቡ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም በነጋድራስነት የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። ሁለቱም ሥራዎች የጽሑፋቸው ሐሳብ በተግባር የሚፈተንባቸው ነበሩ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ድሬዳዋ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ የሚያልፍባት ዋና በር ሆናለች። ቡናው፣ ቆዳውና ሰሙ በዚያ ይወጣል፤ አቡጀዲው፣ መሣሪያውና ጠገራ ብሩ በዚያ ይገባል። ምድር ባቡርና ጉምሩክ ከጎተራ የሚለዩበት ትልቅ ነገር አላቸው፤ ይኸውም አንዱ ነገር በሁለት እጅ መጻፉ ነው። ባቡሩ ያራገፈው ጭነት በኩባንያው ሰነድ ይታያል፤ ጉምሩኩ የቀረጠውም በጉምሩኩ መዝገብ ይሰፍራል። ሁለቱን መዝገቦች አጋጥሞ ማየት የፈለገ ሰው፣ ያልተቀረጠው ዕቃ የት እንደቀረ ሊጠይቅ ይችላል። የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ስለ አንድ ገንዘብ ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮችን አቁሞ ቃላቸውን ማነጻጸር ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሳይቆዩ በ1911 ዓ.ም. በተወለዱ በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለተኛውና ታላቁ መጽሐፋቸው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆኑን፣ ያልተማረ ሕዝብ ከተማረ ሕዝብ ጋር ሲነግድ ድካሙን በርካሽ እየሸጠ ተገዥ እንደሚሆን፣ የመንግሥትም ጥንካሬ ከሥርዓቱ እንጂ ከጉልበቱ ብቻ እንደማይገኝ በሰፊው አስረድተዋል። የኢኮኖሚ ምሁራን ዛሬም መጽሐፉን በአፍሪካ ስለ ዕድገት ከተጻፉት ቀደምት ሥራዎች መካከል ይቆጥሩታል። የሒሳብ ባለሙያዎች ግን እምብዛም የራሳችን አድርገን አናነበውም፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ነው።

ምክራቸው በሕይወታቸው አልተፈጸመም፤ ከሞታቸው በኋላ ግን አንድ በአንድ መፈጸም ጀመረ። የአቢሲንያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1931 በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። ከጠላት ወረራ በኋላ ግብር በገንዘብ እየተከፈለ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅም ዐሥራቱ በገንዘብ ተተመነ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ያወጣው አዲስ ብር የጠገራ ብሩንና የአሞሌውን ዘመን ዘጋ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ስለ ዋና ኦዲተር ደነገገ፤ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 101 ይህንኑ ሹመት አጸና። ገንዘቡ አንድ ሆነ፤ ካዝናው ከጌታው ተለየ፤ መርማሪም ተሾመ። የቀረው ምርመራው በእርግጥ መፈጸሙ ነው።

ይህም ወደ መካነ ሰላም ይመልሰናል። ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቦረና ደጋ ላይ የተመሠረተችው ይህች ከተማ ዛሬ የባንክ አገልግሎት አላት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ግቢ አለባት። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ በፑል ይያዛል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ግን በደጋው ክረምቱ የሚገባበት ወቅት ነው። የቀበሌው ገቢ ሰብሳቢ የያዘውን ገንዘብ ወደ ከተማ ለማምጣት ጭቃና ጎርፍ ያግዱታል። ስለዚህ ሰብሳቢው ደረሰኝ በቆረጠበት ቀንና ባንኩ ገንዘቡን በተቀበለበት ቀን መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ይህ ልዩነት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የጉድለት መሸፈኛም ሊሆን ይችላል። የኦዲተሩ ሥራ ሁለቱን መለየት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ መሥሪያ ቤት ሰኔ 30 ቀን በመዝገቡ 486,200 ብር በባንክ አለኝ ይላል እንበል። የባንኩ መግለጫ ደግሞ 531,700 ብር ያሳያል። ሒሳብ ሠራተኛው ልዩነቱን ሲያስረዳ 62,500 ብር የሚሆኑ ተጽፈው ያልተመነዘሩ ቼኮች፣ 15,000 ብር ባንክ ያልደረሰ ገቢና 2,000 ብር ባንኩ የቀነሰው የአገልግሎት ክፍያ ያቀርባል። ከባንኩ መግለጫ ቼኮቹ ተቀንሰው ገቢው ሲደመር 484,200 ብር ይሆናል፤ ከመዝገቡም የአገልግሎት ክፍያው ሲቀነስ ያው 484,200 ብር ይመጣል። ሒሳቡ ታረቀ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ምርመራው ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማስታረቂያው በቁጥር መስተካከሉ እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንምና።

ኦዲተሩ በመጀመሪያ የባንኩን ቀሪ ሒሳብ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ከባንኩ በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ በመሥሪያ ቤቱ ስም ያሉት ሒሳቦች ሁሉ፣ የተረሱትና እንቅስቃሴ የሌላቸው ጭምር፣ እንዲገለጹለት ይጠይቃል። ቀጥሎ የሐምሌን የባንክ መግለጫ ያስቀርባል። አልተመነዘሩም የተባሉት ቼኮች በሐምሌ መመንዘራቸውን፣ በስማቸው ለተጻፈላቸው ሰዎች መከፈላቸውንና ወጪው ከሰኔ 30 በፊት የተፈጸመ መሆኑን ያያል። ለብዙ ወራት ሳይመነዘር የቆየ ቼክ ካለ፣ ቼኩ ከመሳቢያ ሳይወጣ በወጪ ተመዝግቦ እንደሆነ ይመረምራል። ባንክ ያልደረሰ ለተባለው 15,000 ብር ደግሞ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከባንክ ገቢ ማድረጊያው ጋር ያነጻጽራል። ገንዘቡ በሐምሌ መጀመሪያ ገብቶ ከሆነ መንገዱ ያዘገየው መሆኑ ይታመናል። በሐምሌ መጨረሻ፣ ያውም ከሌላ ሰው በተሰበሰበ አዲስ ገቢ የተተካ ከሆነ ግን፣ የዛሬው ገቢ የትናንቱን ጉድለት እየሸፈነ መሆኑን ይረዳል። ሁለት የባንክ ሒሳብ ያለው መሥሪያ ቤት ከሆነም፣ በዓመቱ መጨረሻ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘዋወረው ገንዘብ በሁለቱም ቀሪ ላይ ተቆጥሮ እንዳይገኝ ቀኖቹን ያገናዝባል።

የካዝና ቆጠራው የራሱ ሥርዓት አለው። ቆጠራው ሳይነገር በድንገት ይደረጋል። በገንዘብ ያዡ እጅ ያሉት ካዝናዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታሸጋሉ፤ አንዱ ሲቆጠር ከሌላው ገንዘብ እንዳይመጣ ነው። ብሩ በየዓይነቱ ተለይቶ ገንዘብ ያዡ ባለበት ይቆጠራል። የመጨረሻው የደረሰኝና የወጪ ሰነድ ቁጥር ይጻፋል፤ ያልተቆረጡት የደረሰኝ ጥራዞችም ይቆጠራሉ። በካዝናው ውስጥ በገንዘብ ፈንታ የተቀመጡ ያልተወራረዱ የቅድሚያ ክፍያ ወረቀቶች ቢገኙ፣ እንደ ጥሬ ገንዘብ አይወሰዱም፤ ማን ፈቀደ፣ ስንት ጊዜ ቆየ ተብሎ ይጠየቃል። ቆጠራው ሲያበቃ ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ መልሶ መረከቡን በቆጠራው ሰነድ ላይ ይፈርማል። ቆጠራው ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ በሌላ ቀን የተደረገ ከሆነ ደግሞ፣ በመካከል የገባውና የወጣው ተሰልቶ ወደ ሰኔ 30 ቀሪ ይመለሳል።

ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህን ሁሉ ማድረግ ቀላል አይደለም። ገንዘብ ያዡ የኦዲተሩ ዘመድ ወዳጅ፣ የዕድር አባል ወይም የልጆቹ መምህር ሊሆን ይችላል። ካዝና ክፈት ማለት ሌባ ብሎ እንደ መሳደብ የሚቆጠርበት ጊዜም አለ። በይሉኝታ የታለፈ ቆጠራ ግን ማንንም አያከብርም። ገንዘቡ ቢጎድል፣ የማይቆጠርለት ገንዘብ ያዥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጥርጣሬ የሚወጣበት ማስረጃ የለውም፤ ከእርሱ በፊት ያጎደለው ሰው ዕዳ በእርሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በየጊዜው ተቆጥሮለት የተፈረመለት ገንዘብ ያዥ ግን ታማኝነቱ በሰው ወሬ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ቆሟል። ሕዝቡም ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ የከፈለው ብር የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ለመንግሥት የመከሩት ሥርዓት ሰውን ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚነሣ አልነበረም። የአንድ አገር ሀብት በአንድ ሰው ደግነት ወይም ክፋት ላይ እንዳይንጠለጠል የሚጠብቅ ሥርዓት ነበር። ለ33 ዓመታት ብቻ የኖሩት እኚህ ሰው ካዝናውን ከጌታው ኪስ የመለየትን አስፈላጊነት አስተምረው አለፉ። ካዝናው ከተለየ በኋላ ከፍቶ መቁጠርና የተቆጠረውን ከባንኩ ቃል ጋር ማስታረቅ ለእኛ ሙያ የተተወ ድርሻ ነው። በቦረናና በሳይንት ደጋ በክረምት ጭቃ ተጉዞ የአንዲት ትንሽ ጽሕፈት ቤት ካዝና የሚቆጥር ኦዲተርም ይህንኑ ድርሻ እየተወጣ መሆኑን ልብ ሊለው ይገባል።